ለድል መሮጥና ለጭብጨባ መሮጥ

ሰው የሚሠራውን ሥራ ከሁለት ሐሳብ በአንዱ ይሠራዋል። አንደኛው ሐሳብ ሥራው ከታሰበለት ፍጻሜ እንዲደርስ መፈለግ ነው፤ ሁለተኛውም የሚያዩት ሰዎች እንዲያደንቁት መፈለግ ነው። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች በአንድ ልብ ውስጥ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ነገር ግን መንገዱ እየረዘመ፣ ድካሙም እየበዛ ሲሄድ አንዱ ጌታ፣ አንዱ አገልጋይ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ሰውየው ከመጀመሪያው ለማን ሲደክም እንደ ነበረ ይገለጣል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው፤ ይኸውም ለድል የሚሠራ ሰውና ለጭብጨባ የሚሠራ ሰው በምን እንደሚለያዩ፣ ልዩነቱም ለኑሯችንና ለነፍሳችን ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ማስረዳት ነው።

ድል ስንል ሌላውን ጥሎ ማዋረድ ማለታችን አይደለም። ድል ማለት ሥራው የተጀመረበትን ግብ መድረስ ነው። የገበሬ ድሉ እህሉ ከጎተራ መግባቱ ነው፤ የተማሪ ድሉ ማወቁ ነው፤ የሐኪም ድሉ የበሽተኛው መዳን ነው። ጭብጨባ ስንልም የእጅን ድምፅ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ሙገሳውን፣ እልልታውን፣ በጉባኤ መካከል ስም መጠራቱን፣ በዘመናችንም በስልክ መስኮት ላይ የሚቆጠረውን የአድናቂ ብዛት ሁሉ ማለታችን ነው።

ገበያው የሚያስተምረን

የአዲስ ከተማን መርካቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ትምህርት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መርካቶ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ኢጣልያኖች በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አቅራቢያ የነበረውን የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ የተመሠረተ ነው፤ ስሙም በእነርሱ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ ሸማው በሸማ ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ የወዳደቀው ብረት በምን አለሽ ተራ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የመጣ ሰው የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ ሆነ።

በዚህ ገበያ የሚጮኸው ብዙ ነው። ጩኸት በራሱ ነውር አይደለም፤ ባለ ዕቃ ዕቃውን ማስታወቅ ይገባዋልና። ይሁን እንጂ አላፊ አግዳሚውን በጩኸት ማቆም አንድ ነገር ነው፤ የገዛው ሰው በሌላ ሳምንት ወደዚያው ሱቅ ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው በጩኸት ይሰበሰባል፤ ደንበኛ ግን የሚገኘው በሚዛን ነው። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ከፊቱ ያቆመ ነጋዴ ሚዛኑ የጎደለ እንደሆነ፣ ያ ሁሉ ሰው ነገ የጉድለቱ ምስክር ይሆንበታል።

ወደ ምን አለሽ ተራ ብንሄድ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ እናገኛለን። በዚያ የሚገኙ የእጅ ባለሞያዎች ሌላው ሰው የጣለውን በርሜልና ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ምድጃና ልዩ ልዩ የቤት ዕቃ ያደርጉታል። የመዶሻቸው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ነገር ግን ምድጃውን የገዛች እናት ከቤቷ ወስዳ ከሰል ስታቀጣጥልበት የመዶሻው ድምፅ ምን ያህል እንደ ነበረ አትጠይቅም። የምትጠይቀው መገጣጠሚያው ይዞ እንደሆነ፣ እግሩ ድስቱን ችሎ የሚቆም እንደሆነ፣ ከሰሉንም እንዳይፈጅባት ነው። እንግዲህ የሥራው ፈተና የሚደረገው ሠሪው በሌለበት ነው፤ ፍርዱም የሚሰጠው ተመልካች በማይገባበት ማድ ቤት ነው። ለጭብጨባ የሚሠራ ሰው ይህን ፍርድ አያስበውም፤ ዕቃው ከእጁ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋልና። ለድል የሚሠራው ግን ምድጃውን ሲቀጠቅጥ የማያያት ሴት እሳት ስታነድበት ይታየዋል።

የዕቁብም ሥርዓት ይህንኑ ይናገራል። ዕቁብተኞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የተወሰነውን ገንዘብ ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለትም ሰው ዋስ ጠርቶ የተሰበሰበውን ይወስዳል። ዕጣ በወጣለት ቀን ወዳጅ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ በዚያ ቀን ደስ የማይለው ሰው የለም። ነገር ግን ገንዘቡን በመጀመሪያው ዙር የወሰደ ሰው እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ እየመጣ መጣል አለበት። በእነዚያ ረጃጅም ሳምንታት ማንም እንኳን ደስ አለህ አይለውም፤ የሚቀበለው ነገር የለምና፤ የሚሰጠው ብቻ ነው። የዕቁብተኛ ክብሩና ታማኝነቱ የሚታወቀው ግን ዕጣው በወጣበት ቀን አይደለም፤ የመጨረሻውን ገንዘብ በጣለበት ቀን ነው።

የሩጫው ሜዳ

ሐዋርያው ጳውሎስ የክርስቲያንን ኑሮ ለማስረዳት በወደደ ጊዜ ምሳሌውን ከሩጫ ሜዳ ወሰደ። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 9፣ ሯጮች ቶሎ ለሚጠወልግ የቅጠል አክሊል ብለው ሰውነታቸውን በብዙ ነገር እንደሚገዙ አሳስቦ፣ እኛ ግን ስለማይጠፋው አክሊል ከዚያ በላይ መድከም እንደሚገባን አስተማረ። የቆሮንቶስ ሰዎች ይህን ቃል በቀላሉ ይረዱት ነበር፤ በከተማቸው አቅራቢያ በኢስትሚያ የታወቀ የውድድር በዓል ይደረግ ነበርና። ሐዋርያው ስለ ግቡ፣ ስለ አክሊሉና ስለ ልምምዱ ሲናገር፣ በሜዳው ዙሪያ ተቀምጦ ስለሚያጨበጭበው ሕዝብ ግን በዚህ ስፍራ አንድ ቃል እንኳ አለመናገሩን እናስተውል። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 በሯጮች ዙሪያ ያሉ ምስክሮች ተጠቅሰዋል፤ እነርሱ ግን ሩጫቸውን የፈጸሙ ቅዱሳን ናቸው፤ ሯጩም ዐይኑን እንዲያቀና የታዘዘው ወደ ጌታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው።

የአገራችን ሯጮችም ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ትተውልናል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ያ ሩጫ የተጀመረውም የተፈጸመውም ሕዝብ በሚሰበሰብበት የጨዋታ ሜዳ ውስጥ አልነበረም፤ በምሽት ችቦ በተያዘበት ጎዳና ላይ ነበር እንጂ። ከዚያ ቀን በፊት ስሙን የሚያውቀው የውጭ አገር ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። እርሱም ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ፣ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ በ1929 ዓ.ም. ከአገራችን ተወስዶ በዚያ ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ፍጥነቱን ጨምሮ እንደ ተለየ ይነገራል። ጉልበቱን ለሚያስፈልገው ስፍራ አስቀምጦት ነበር ማለት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት ሳለ፣ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ አሸነፈ። በሜዳው የነበረው ሕዝብ ሲያጨበጭብለት እርሱ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ጭብጨባውን አልናቀውም፤ ነገር ግን ሥራው በጭብጨባው አልተቋረጠም።

ደራርቱ ቱሉ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ያደረገችው ሩጫ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። የደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ማየር ከሌሎቹ ተለይታ በወጣች ጊዜ ደራርቱ ተከትላት ሄደች፤ ለብዙ ዙርም ከኋላዋ ሳትለይ፣ ነገር ግን ሳትቀድም ቆየች። በእያንዳንዱ ዙር ከፊት የሚታየውን ሰው ሕዝብ ያያል፤ ከኋላ ያለውን ግን እምብዛም አያስበውም። ለጭብጨባ የሚሮጥ ሰው እንዲህ ያለውን መሸሸግ ሊታገሠው አይችልም። ደራርቱ ግን ታገሠች፤ በመጨረሻው ዙር ቀድማ ወጥታ በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ አሸነፈች። ከዚያ በኋላ አሸናፊዋና ተሸናፊዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ድል ሌላውን ማዋረድ አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው፤ ግቧን የደረሰች ሴት የተወዳዳሪዋን ክብር መንጠቅ አላስፈለጋትም።

የቅዱስ ያሬድ እግር

ከሯጮቹ አስቀድሞ ግን ቤተ ክርስቲያናችን በቅዱስ ያሬድ ታሪክ የዚህን ትምህርት ሥር ይዛ ኖራለች። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ይህ አባት በልጅነቱ ትምህርት ከብዶት ከመምህሩ ሸሽቶ ሳለ፣ አንዲት ትል ከዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀች እንደገና ስትጀምር፣ በመጨረሻም ስትደርስ አይቶ ወደ ትምህርቱ እንደ ተመለሰ ይነገራል። ትሏን የሚያበረታታት ተመልካች አልነበረም፤ ስትወድቅ የሚስቅባት፣ ስትወጣም የሚያጨበጭብላት አልነበረም። ያሬድ የተማረው ከዚህ ጸጥታ ነው።

በኋላም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች የደረሰው ይህ ሊቅ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በእጁ የያዘውን ጦር ሳያውቅ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ሲፈስ ዘማሪውም አልተሰማውም፤ ንጉሡም አላየም፤ ዜማው ከተፈጸመ በኋላ ብቻ ሁለቱም ነገሩን አወቁ። ያሬድ በዚያ ሰዓት ዐይኑ በንጉሡ ፊት ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ንጉሡ ደስ ብሎታልን እያለ ቢመረምር ኖሮ፣ ሕመሙ ባልተሰወረበት ነበር። የታሪኩ ፍጻሜ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነው። ንጉሡ ደንግጦ የምትሻውን ለምነኝ ባለው ጊዜ ያሬድ ሹመትንም ሀብትንም አልለመነም፤ ከቤተ መንግሥቱ ተሰናብቶ በገዳም እንዲኖር እንዲፈቅድለት ለመነ እንጂ፤ ወደ ሰሜን ተራሮችም ሄደ። በአገሪቱ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ጭብጨባ በእጁ በገባበት ሰዓት ትቶት ሄደ።

ቤተ ክርስቲያናችን ጭብጨባን ከሥርዓቷ አላወጣችም። በአቋቋም ከመቋሚያውና ከጸናጽሉ ጋር ከበሮ ይመታል፤ በወረቡም ጊዜ እጅ ይጨበጨባል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ነቢዩ ዳዊት አሕዛብን ሁሉ ወደ ማጨብጨብ የጠራው ስለ እግዚአብሔር ንግሥና ነው። ስለዚህ ጭብጨባ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ዘማሪው አይደለም። ዘማሪው ራሱ ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነው። ደግሞም ማኅሌት የሚቆመው አብዛኛው ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። ከታላቁ አንዋር መስጊድ ጋር የሚጎራበተውን የመርካቶውን ቅዱስ ራጉኤልን ብናስብ፣ ቀን ሺህ ድምፅ የሚሰማበት ገበያ ሱቁን ዘግቶ ዝም ባለበት ሰዓት ካህናቱ ይቆማሉ። ለብዙ ዓመታት ቁራሽ እየለመኑ የተማሩት ድጓ የሚሰማው በጥቂት ሰው ፊት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ድካም ከሁሉ የሚያንሰው ተመልካች ባለበት ይፈጸማል።

የተከፈለ ሒሳብ

ይህን ሁሉ ያነሣነው በዘመናችን አንድ አደጋ ስላለ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ ሲሰበሰብ የሰጪው ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ይጨበጨብለታል፤ እልል ይባልለታል። አንዳንዱም በሰው ፊት ብዙ ሺህ ብር ቃል ይገባና፣ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ቃሉን ይረሳዋል። ሕንፃው ግን የሚሠራው በተከፈለው ብር ነው፤ በተጨበጨበለት ቃል ግድግዳ አይቆምም። ሰባኪም ቢሆን ትምህርቱ በስንት ሰው ልብ እንደ ገባ ሳይሆን ስንት ጊዜ እልል እንደ ተባለለት የሚቆጥር ከሆነ፣ ሕዝቡ መስማት የሚገባውን ትቶ መስማት የሚወደውን ወደ መናገር ቀስ በቀስ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ነዳይ ጥቂት እንጀራ ሲሰጡ ፊቱን በስልክ ቀርጾ ለዓለም ማሳየት ነው። ነዳዩ እንጀራውን ሲቀበል ፊቱን ይሸጣል፤ ሰጪውም በአንድ እንጀራ የብዙ ሰው አድናቆት ይገዛል። እንዲህ ያለው ምጽዋት ንግድ ነው፤ በንግዱም የተጎዳው ድሀው ነው።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6፣ ምጽዋትን፣ ጸሎትንና ጾምን አንሥቶ፣ እነዚህን ለታይታ የሚያደርጉ ሰዎች ዋጋቸውን ፈጽመው እንደ ተቀበሉ ተናገረ። በዚህ ስፍራ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው ቃል በዚያ ዘመን ሰዎች በደረሰኝ ላይ ይጽፉት የነበረ የሒሳብ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ገንዘቡን በሙሉ ተቀብያለሁ፣ የቀረኝ ነገር የለም ማለት ነው። ይህን ቃል ከመርካቶ ነጋዴ የበለጠ ማን ይረዳዋል? ደረሰኝ ፈርሞ የሰጠ ሰው ነገ ተመልሶ በዚያው ዕቃ ዋጋ መጠየቅ አይችልም። ለጭብጨባ የሠራም ሰው ጭብጨባውን በሰማ ጊዜ ደረሰኙን ፈርሟል። ጌታችን የነገረን ይህ ሰው ምንም ዋጋ እንደማያገኝ አይደለም፤ የጠየቀውን አግኝቶ ጨርሷል፤ አስፈሪውም ነገር ይኸው ነው።

ራስን ስለ መመርመር

እንግዲህ መመስገን ሁሉ ክፉ ነውን? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አይደለም። ልጅ ሲማር ማበረታታት ይገባል፤ መልካም የሠራን ሰው ማመስገን የአመስጋኙ ግዴታ ነው፤ ጀግና ሲመለስ እልል ማለት የሕዝብ ወግ ነው። ጥፋቱ ምስጋና መቀበል ሳይሆን ምስጋናን ግብ ማድረግ ነው። እንዲሁም ድልን የሚወድ ሁሉ ጻድቅ አይደለም። ግቡን በማንኛውም መንገድ ልድረስ የሚል ሰው ሯጭ ቢሆን በተከለከለ መድኃኒት፣ ነጋዴ ቢሆን በሐሰተኛ ሚዛን ይረዳል። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 2፣ የሚታገል ሰው አክሊል የሚያገኘው በሥርዓት ሲታገል ብቻ መሆኑን አስጠንቅቋል። በሐሰት የተገኘ ድል ድል አይደለም፤ የድልን ልብስ የለበሰ ጭብጨባ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ራሳችንን በሦስት ጥያቄ ልንመረምር ይገባናል።

አንደኛ፣ ይህን ሥራ ማንም የማያየኝ ቢሆን እሠራው ነበርን? መልሱ አይሆንም ከሆነ፣ የምንወደው ሥራውን ሳይሆን ተመልካቹን ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው በሌላ ሰው እጅ ቢፈጸምና ምስጋናው ለእርሱ ቢሆን ደስ ይለኛልን? ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ ቢቂላ እግሩ ተጎድቶ ሩጫውን ባቋረጠበት ቀን፣ አክሊሉን ያገኘው ማሞ ወልዴ ነው። ኢትዮጵያ ግን በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒክ ባለ ድል ሆነች። ግቡ ከራሱ ስም የሚሰፋ ሰው በወንድሙ ድል ውስጥ የራሱን ድካም ፍሬ ያያል።

ሦስተኛ፣ ጭብጨባው ሲቆም እቀጥላለሁን? ሻምበል አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ የማይንቀሳቀሱ ሆኑ። ዓለም ያጨበጨበላቸው እነዚያ እግሮች ነበሩ። እርሱ ግን በእንግላንድ አገር ሲታከም ቆይቶ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት በመወርወር ተወዳደረ፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ጭብጨባን ግብ ያደረገ ሰው ከክብሩ ወርዶ እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር አይቻለውም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ነጋዴውም በሚዛኑ፣ የእጅ ባለሞያውም በመዶሻው፣ ዘማሪውም በዜማው፣ መምህሩም በትምህርቱ፣ ሰጪውም በምጽዋቱ ይህን ያስብ። የሰው እጅ ሲያጨበጭብ ይደክማል፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። በስውር የሚያይ አምላክ ግን ዐይኑን አይመልስም። በገበያ ቀን ስማችን ባይጠራ፣ ደረሰኙን ሳንፈርም ወደ ፍጻሜው ብንደርስ፣ የሚጠብቀን ዋጋ ሙሉ ነው። እርሱ አምላካችን ሩጫችንን በሥርዓት ጀምረን በሥርዓት የምንፈጽምበትን ትዕግሥት ይስጠን፤ አሜን።